በቤተሰብ የሚሄድ ካንሰር፦ ከገጠር የመጣች እናት የምታውቀውን እንዴት እንጽፈው

"በቤተሰብ ካንሰር የታመመ ሰው አለ?"

ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠይቅ ቆጥሬው አላውቅም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር የተጻፈላቸው ወይም ቀጠሯቸው እስኪደርስ ዘመድ ቤት ያረፉ የገጠር እናቶች ለቁስል ማጠቢያና ለመርፌ እኛ ጋ ይመጣሉ። እጠይቃለሁ፤ እናትየዋ አብራት የመጣችውን የእህቷን ልጅ ቀና ብላ ታያለች፤ "የለም" ትላለች፤ እኔም "የለም" ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን የአንዲት የ38 ዓመት እናት የጡት ቁስል እያጠብኩ፣ "እንዲህ ያለ ቁስል አገር ቤት አይተው ያውቃሉ?" አልኳቸው። "እንዴ! ታላቅ እህቴ በዚሁ አይደል የሞተችው? እናቴንም የወሰዳት ይኸው ነው" አሉኝ። ካርዳቸው ላይ ከግማሽ ሰዓት በፊት "የለም" ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

አልዋሹኝም። ካንሰር ለእሳቸው የአዲስ አበባ ቃል ነው፤ እሱንም የሰሙት ሪፈር ሲጻፍላቸው ነው። አገር ቤት ያለው እባጭ ነው፣ የማይድን ቁስል ነው፣ "ሆዷ ተነፍቶ" ነው። ጥያቄዬ እሳቸው ከሚያውቁት ጋር አልተገናኘም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሐኪም አይደለም። እንግዳዋን ቤቷ ላስተኛች የአዲስ አበባ ዘመድ ነው። ቀጠሮ እስኪደርስ ባሉት ቀናት ውስጥ በወረቀትና በእስክሪብቶ የሚሠራ ሥራ ነው። ደግሞ እንግዳ የተቀበለችው የእህት ልጅ ራሷ እዚያው ወረቀት ላይ ትገኛለች፤ ሥራው ለአክስቷ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ

ካንሰር ሁሉ በዘር አይመጣም። ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ነው ከወላጅ በተወረሰ የጂን ጉድለት የሚነሣው። በጡትና በእንቁላል አመንጪ እጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ከሁሉ የሚታወቁት ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ናቸው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1990 የብራካ 1ን ቦታ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ አመለከተች፤ ጂኑ ራሱ በ1994 ተለየ። እነዚህ ጂኖች ሁላችንም ውስጥ አሉ፤ ሥራቸው የተጎዳ የዘር ቅንጣት መጠገን ነው። ችግሩ የሚመጣው ተበላሽተው ሲወረሱ ነው።

የተበላሸውን የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከመቶ ወደ 70 ይጠጋል። በምዕራባውያን አገሮች የማንኛዋም ሴት ዕድል በዕድሜ ልክ ከ12 እስከ 13 ነው። በኦቫሪ በኩል ደግሞ ለብራካ 1 ወደ 44፣ ለብራካ 2 ወደ 17 ይደርሳል፤ ለሌላዋ ሴት ከ1 እስከ 2 ነው። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው በውጭ ቤተሰቦች ላይ ከተሠሩ ጥናቶች የተወሰዱ ናቸው።

ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ለሴትም ለወንድም፣ ከእናትም ከአባትም።

መቼና የት መጠየቅ

ቡና ተፈልቶ ሳለ አትጠይቁ። ሁሉም የሚመክረው ቡናውን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ተሳስቼበት አይቼዋለሁ። ቡና ጎረቤት ይጠራል። "እናታችሁም በዚሁ ነበር እንዴ የሞቱት?" የሚል ጥያቄ በሦስት ጎረቤት ፊት ከወጣ እናትየዋ ዝም ትላለች፤ ዝም ማለቷም ትክክል ነው። አገራችን ውስጥ "በዘራቸው አለ" የሚለው ቃል ከባድ ነው። ሥጋ ደዌና የሚጥል በሽታ በዘር ይመጣል እየተባለ ስንት ቤተሰብ ልጁን የሚያገባለት አጥቷል። ገጠር ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይጠየቃል። አክስታችሁ የምትፈራው ካንሰሩን ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት ያሉት ሁለቱ ልጆቿ ሳይዳሩ እንዳይቀሩም ነው።

ስለዚህ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን። ምስር እየለቀማችሁ፣ ጸጉሯን እየሠራችሁላት፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ። ሆስፒታል ወንበር ላይ ተራ ስትጠብቁ አይሁን፤ ያ ቦታ ሰው የሚያስብበት ቦታ አይደለም። "ዘር" የሚለውን ቃልም ለጊዜው ተዉት። እኔ እንዲህ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፦

"እትዬ፣ ሐኪሙ ነገ ስለ ቤተሰቡ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ደግሞ ማንንም አላውቅም። እስቲ ከአያቴ ይጀምሩልኝ።"

አለማወቃችሁን ስታምኑ አክስት ደስ ይላታል። የከተማ ልጅ ዘሯን እንደማታውቅ ድሮም ጠርጥራለች፤ "አንቺማ የት ታውቂያቸዋለሽ፣ ልጄ" ብላ ትቀጥላለች።

ሦስት ቤት መቁጠር

ለጋብቻ ሰባት ቤት የምትቆጥር ሴት ሦስት ቤት ለመቁጠር አትቸገርም። ወረቀቱን አግድም አድርጉ። ከመካከል የታመመችውን እናት አስቀምጡ። ሴት ክብ፣ ወንድ አራት ማዕዘን ነው። ባልና ሚስትን በአግድም መስመር አገናኙ፤ ከመስመሩ ሥር ልጆቻቸውን ከታላቅ ወደ ታናሽ ደርድሩ። የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል፤ ካንሰር የታመመ ወይም የሚጠረጠር ሰው ምልክቱ ይቀባል። ከላይ ወላጆች፣ አክስቶችና አጎቶች፣ ከነሱ በላይ አያቶች፤ ከጎን እህትና ወንድም፤ ከታች ልጆች።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው "እህቴ" የሚለው ቃል ነው። የአክስት ልጅም እህት ናት፣ አብራ ያደገችም እህት ናት፣ የክርስትና ልጅም ቤተሰብ ናት። "አንድ እናት፣ አንድ አባት?" ብላችሁ ጠይቁ። የአባት ልጅ ብቻ ከሆነች መስመሯ ከአባት ብቻ ይወርዳል። በጉዲፈቻ ወይም በጡት ልጅነት የገባችውን በፍቅር ጻፏት፤ ግን በነጠብጣብ መስመር ይሁን። የደም መስመሩ ከእሷ አይሄድም።

ሁለተኛው የስማችን አወጣጥ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። ሁለት እህትማማቾች የወለዷቸው ሁለት ሴቶች በአባቶቻቸው ስም ስለሚጠሩ በጋራ የሚይዙት ስም የለም። ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ጡታቸውን ታመው አንድ ሆስፒታል ቢታከሙ እንኳ ካርድ ክፍል ያለ ሰው ዘመዳሞች መሆናቸውን ሊጠረጥር አይችልም። ይህን ሊያገናኝ የሚችለው የእናንተ ወረቀት ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከፋው፣ የአባትን ወገን መርሳት ነው። የጡት ነገር የሴት ነገር ስለሚመስል ሰው ሁሉ ወደ እናት ዘር ይሮጣል። አባትየው ጉድለቱን ከእናቱ ወርሶ፣ ራሱ ሳይታመም፣ ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። የአባት እህቶች ስንት ነበሩ? በምን ሞቱ? አባትየው ወንድሞች ብቻ ካሉት ነገሩ ተደብቆ አንድ ትውልድ ሊዘል ይችላል።

የበሽታውን ስም ከአገር ቤት ቋንቋ ማውጣት

ሥራው ያለው እዚህ ነው። "ካንሰር ነበረባት?" አትበሉ። ለእያንዳንዱ ሰው "ምኗን ነበር ያመማት? ከየት ጀመረ? ስንት ጊዜ ተኛች?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የተባለውን ደግሞ በተናጋሪዋ ቃል እንዳለ ጻፉት። "ጡቷ ላይ ድንጋይ የመሰለ ነገር ወጥቶባት፣ በኋላ ፈርጦ ሸተተ" ከተባለ ይኸው ይጻፍ። "የጡት ካንሰር" ብላችሁ አትተርጉሙት፤ መተርጎሙ የሐኪሙ ነው።

በተደጋጋሚ የምሰማቸውን ልንገራችሁ። "ነቀርሳ" ሲባል ቆም በሉ። ሳንባ ነቀርሳ ቲቢ ነው፤ ካንሰርም ነቀርሳ ይባላል። ሳል ነበረው? ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያስል ነበር? ስድስት ወር መድኃኒት ወስዶ ዳነ? እንዲያ ከሆነ ቲቢ ነው።

"ኪንታሮት" ሲባልም እንዲሁ። ከፊንጢጣ ደም የሚያመጣው ሁሉ ኪንታሮት ይባላል፤ የትልቁ አንጀት ካንሰርም በዚህ ስም ተሸፍኖ ይቀራል። ኪንታሮት ሰው አያከሳም፣ አይገድልምም ማለት ይቻላል። "በኪንታሮት ከስቶ ሞተ" የተባለ የ45 ዓመት አጎት ወረቀቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ይገባዋል።

"ሆዷ ውኃ ቋጥሮ ሞተች" የሚለው ብዙ በር አለው። የኦቫሪ ካንሰር፣ የጉበት በሽታ፣ የሆድ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ዐይኗ ቢጫ ነበር? መጠጥ ነበረባት? ሆዷ ሲነፋ እርጉዝ መስሏት ነበር? ይህን የመጨረሻውን ጠይቁ፤ ከአንድ በላይ እናት "አረገዘች ተብሎ ነበር" ብላ መልሳልኛለች። "ደም እየፈሰሳት" ሲባል የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ ነው ወይስ በፊት? "ሽንት አልወጣ ብሎት፣ ኋላም አጥንቱን እያመመው" ለሽማግሌ ከተባለ ፕሮስቴት (ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) ይጠረጠራል፤ ክፉው የፕሮስቴት ካንሰር ከብራካ 2 ጋር ይያያዛል።

ቡዳ በላት፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ ድግምት ተደረገባት ሲባል አትከራከሩ። እሱ መንስኤውን መናገሯ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ያየችውን ነው፤ "ሲጀምራት ምን ታየ?" ብላችሁ እለፉ።

ደግሞ በወሊድ የሞተችውን፣ ጦር ሜዳ የቀረውን፣ በረሃብ ያለቀውን "ጤነኛ ነበር" ብላችሁ አትዝለሉት። በ22 ዓመቷ በምጥ የሞተች ሴት ካንሰር የሚወጣበት ዕድሜ ላይ አልደረሰችም። ዕድሜዋንና አሟሟቷን ጻፉ። በወጣትነቱ የሞተ ሰው የበዛበት ቤተሰብ ንጹሕ መስሎ ይታያል።

ዕድሜን ከዘመን ማውጣት

በዘር የሚመጣ ካንሰር ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ ከበሽታው ስም ባልተናነሰ ሲጀምራት ስንት ዓመቷ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። "ሽማግሌ ነበረች" የሚለውን አትቀበሉ፤ ስምንት የወለደች የ40 ዓመት ሴት በገጠር ዐይን አሮጊት ናት።

ዘመኑን በሁለት ጫፍ ያዙት። መጀመሪያ ልደቷን፦ መሬት ላራሹ ሲታወጅ (የካቲት 1967 ዓ.ም.) ትሄድ ነበር ወይስ ትጠባ ነበር? በ77ቱ ድርቅ አግብታ ነበር? ኢሕአዴግ ሲገባ (1983) ስንት ወልዳ ነበር? ከዚያ ሕመሟን፦ ከባድመ ጦርነት (ከ1990 እስከ 1992) በፊት ነው በኋላ? ከሚሌኒየሙስ? መሬት ላራሹ ሲታወጅ ጡት ትጠባ የነበረች፣ ሚሌኒየሙ በተከበረ ዓመት እባጩን ያየች ሴት ስትታመም 34 አካባቢ ነበረች ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ "34 ገደማ" ብላችሁ ጻፉ፤ ከሁለት ሦስት ዓመት ወዲያ ወዲህ ችግር የለውም። የመጨረሻ ልጇን ስታጠባ ከነበረም የልጁን የአሁን ዕድሜ ጠይቁ፤ ሒሳቡ ይወጣል።

ወረቀቱ ምን ይላል

ወረቀቱ ላይ ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ በአጋጣሚ ነው ብላችሁ አትለፉት። ከ50 ዓመት በታች የጡት ካንሰር፤ በማንኛውም ዕድሜ የኦቫሪ ካንሰር፤ የወንድ የጡት ካንሰር፤ በአንዲት ሴት ሁለቱም ጡቶች ላይ ወይም ጡትና ኦቫሪ ላይ የወጣ፤ በአንድ ወገን በእነዚህ የታመሙ ሁለት ሦስት የቅርብ ዘመዶች። የአንጀትና የማህፀን ግድግዳ ካንሰር በአንድ ቤተሰብ ከተደጋገመና አንዱ ከ50 በታች ከሆነ ደግሞ ሊንች የሚባል ሌላ የሚወረስ ችግር አለ።

አንድ ማሳሰቢያ። እኛ አገር ብዙው ሕዝብ ወጣት ስለሆነ የጡት ካንሰር ታማሚዎቻችንም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። የ40 ዓመት ሴት ስለታመመች ብቻ በዘር ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ዕድሜውም የዘመዶቹም ቁጥር አብረው ሲገጥሙ ነው ጥርጣሬው የሚጠነክረው።

በዘር መስሎ በዘር ያልሆነም አለ። የማህፀን በር ካንሰር እናትንና ልጅን ቢይዝ መንስኤው በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ኤችፒቪ ቫይረስ ነው። መከላከያው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባትና በጤና ጣቢያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚደረገው ቅድመ ምርመራ ነው። ሦስት ወንድማማቾች በጉበት ከሞቱና "የወፍ በሽታ ነው" ከተባለ፣ ሄፓታይተስ ቢ በወሊድ ጊዜ ከእናት ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀላል የደም ምርመራ ይለየዋል፤ ያልተያዘው ይከተባል። በአርሲና በባሌ የሚበዛው የምግብ ቧንቧ ካንሰርም መንደር ሙሉ ሰው ሲይዝ ይታያል፤ አንድ ዓይነት የሚበሉ፣ አንድ ዓይነት ጢስ የሚተነፍሱ ሰዎች መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

ለሐኪሙ መስጠት

ቀጠሮ ቀን ወረቀቱን ከሪፈሩና ከፓቶሎጂ (ከእባጩ የተወሰደው ናሙና ምርመራ) ውጤቱ ጋር አንድ ላይ አድርጉት። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ወረፋው እንዴት እንደሆነ የጠበቀ ያውቀዋል። ሐኪሙ ፊት የምትቀርቡበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ አናት ላይ በአንድ መስመር ጻፉ፦ "እናት በ50 ገደማ፣ እህት በ34 ገደማ፣ የሁለቱም ሕመም ጡት ላይ፣ ሁለቱም ሞተዋል።" ሐኪሙ ሌላውን ባያነብ ይህን ያነባል።

የፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ ኢአር (ER)፣ ፒአር (PR) እና ኸር2 (HER2) የተባሉት ሦስቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ ጠቁሙት፤ እንዲህ ያለው የጡት ካንሰር ከብራካ 1 ጋር ደጋግሞ አብሮ ይገኛል። ወረቀቱንም በስልክ ፎቶ አንሡት። ፌስታል ይጠፋል።

የጂን ምርመራ የሚሠራው ከደም ወይም ከምራቅ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ሐኪሙ ካዘዘው አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ምርመራው ከታመመችው ይጀምር። በእሷ ላይ ጉድለቱ ከተገኘ እህቶቿንና ልጆቿን በዚያ አንድ ጉድለት ብቻ መመርመር ይቻላል፤ የሌለባት በእውነት ትገላገላለች። ከጤነኛዋ ልጅ ጀምራችሁ "የለም" ቢባል ግን መጀመሪያውኑ በቤተሰቡ ውስጥ ምን እንደነበር ስለማይታወቅ ልብ አያሳርፍም። "ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ" የሚል ውጤት ደግሞ በአፍሪካውያን ላይ ይበዛል፤ መዝገቦቹ በብዛት የተሞሉት በአውሮፓውያን ናሙና ስለሆነ ነው። በእንዲህ ያለ ውጤት ማንም ኦፕራሲዮን አይደረግም።

ምርመራው ባይገኝ ወይም ባይቻል ወረቀቱ ከንቱ አይሆንም። በወረቀቱ ብቻ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።

አገር ቤት የቀሩት ጤነኞች

ለእህቶችና ለሴት ልጆች የጡት ክትትል የሚጀመርበት ዕድሜ ቀላል ሒሳብ አለው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ከሁሉ በታናሽነት ከታመመችው ዕድሜ 10 ቀንሱ። እህት በ38 ከታመመች በ28 ይጀመራል። በወጣትነት ጡቱ ጥቅጥቅ ስለሚል ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ሳይለየው ሊያልፍ ይችላል፤ በአቅራቢያ በሚገኝ ሆስፒታል የሠለጠነ እጅ መዳሰሱና አልትራሳውንድ ይረዳሉ። ጉድለቱ በምርመራ የተረጋገጠባት ሴት ግን ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በየ6 ወይም በየ12 ወሩ በባለሙያ ትታይ ይባላል። ለኦቫሪ የሚታመን ቅድመ ምርመራ የለም፤ ብራካ 1 የተረጋገጠባት ሴት ወልዳ ከጨረሰች በኋላ ከ35 እስከ 40 ባለው ዕድሜዋ ኦቫሪዋንና ቱቦውን ማስወጣት ነው የሚመከራት። ከባድ ምክር ነው፤ ከሐኪም ጋር ተቀምጣ የምትወስነው እሷው ናት፤ ባልም አማትም እናንተም አይደላችሁም።

ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መነገር ያለበት አንድ ነገር ካለ ይህ ነው፦ ክፉው እባጭ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። "አያመኝም እኮ" እያሉ ነው ዓመት የሚቆዩት። የማያምም ጠጣር እባጭ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ፣ ከጡት የሚወጣ ደም፣ ብብት ሥር ያበጠ ነገር ከታየ መኸሩ እስኪገባ አይጠበቅም። ጠበል የምትሄድ ትሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። ቀጠሮው ግን ጠበሉን አይጠብቅም።

ወረቀቱን በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁት። ያገቡ አሉ፣ ሊያገቡ የታጩ አሉ፤ የእያንዳንዷ ታሪክ የራሷ ነው፤ ስም ሳይጠራ "በቤታችን የጡት ነገር ስላለ ታዩ" ማለት ይበቃል። ሁለት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱን ከሆስፒታል ካርዱ ጋር አኑሩ፣ ሌላውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለአክስታችሁ ስጡ፤ ጀርባው ላይ ስልካችሁን ጻፉ። ባዶ የቀሩ ክቦች ይኖራሉ፤ የአባት ታናሽ እህት፣ ወደ ወለጋ ተድራ የቀረችው። ዘመድ ከየአቅጣጫው የሚሰበሰበው ለሰርግና ለተዝካር ነው፤ አክስታችሁ እዚያ ጠይቃ ትደውላለች። ስትሞሉት የሞላችሁበትን ቀን ከጎኑ ጻፉ።